እሰይ ለቀብራሪት

ፍየሏ ጎመኑን ስትበላ አይሳቅም። የሚሳቀው ተይዛ፣ ቀንዷ አጥሩ ውስጥ ተሰክቶ እግሮቿን ስታንፈራግጥ ነው። በመጨረሻ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ስትል ፈገግ ይባላል፤ ጥርስ ግን አይታይም።

ስንዱ ይህን ትምህርት አዳማ ውስጥ፣ ከቤቷ በረንዳ ላይ፣ ዘወትር ከሰዓት በኋላ ታስተምራለች። ሰው ሁሉ «ሳቅ አስጠኚዋ» ይላታል፤ ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለው ፈቃድም የሚለው እንደዚሁ ነው። ልጆቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በትንንሽ ወንበሮች ይቀመጣሉ፤ እሷ ስለ ቀብራሪት አንድ ምዕራፍ ታነብላቸዋለች፤ እነሱ ደግሞ ሳቃቸውን በየቦታው ማስቀመጥ ይለማመዳሉ። ቀብራሪት ፊደል የለየ ልጅ ሁሉ የሚያውቃት የመጽሐፍ ፍየል ናት። ያልገባችበት ቤት፣ ያልቀመሰችው ነገር የለም። በየምዕራፉ ታጠፋለች፣ በየምዕራፉ ትያዛለች፣ በየምዕራፉ ትጸጸታለች፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ብቅ ትላለች።

«አይ፣ እንዳልክ» አለች ስንዱ ያን ቀን፣ ንባቧን አቋርጣ። «አንተ የሳቅኸው ጎመኑ ላይ ነው። ሳቅህን ለአጥሩ አቆየው።»

«መጣብኝ እኮ፣ እትዬ።»

«ሲመጣብህ ጉንጭህን ከውስጥ ንከስ። እሱም ካቃተህ የጥርስ ሐኪም አስብ።»

እንዳልክ ጉንጩን ነከሰ። ፊቱ ላይ ሲንቀለቀል የነበረው ነገር ጠፋ። ስንዱ «ጎበዝ» አለችው፤ ከአጥሩ ውጭ ቆማ የምትጠብቀው እናቱም ደስ ብሏት ነጠላዋን አስተካከለች።

ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ዝንባሌ ቢሮ ቀርቦ ይፈተናል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ልጁ አንድ ምዕራፍ ገጽ ከሚሉት የሚያበራ ሰሌዳ ላይ ያነባል፣ ገጹ ደግሞ ልጁን ያነባል። በተያዘችው ፍየል ላይ የሳቀ ልጅ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይገባል። ከምታጠፋው ፍየል ጋር የሳቀ ልጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ማቃኛ ቤት ይላካል። እዚያ ምን እንደሚደረግ የሚናገር ወላጅ የለም፤ ልጆቹ ጠግበው እንደሚበሉና ንጹሕ አልጋ እንዳላቸው ግን ሁሉም ይመሰክራል።

ነገሩ ሲጀመር ክፋት አልነበረውም ይባላል። ድሮ ገጹ ልጁ የት ላይ እንደሳቀ የሚቆጥረው፣ ነገ ይበልጥ የሚያስቅ ታሪክ ሊሰጠው ነበር። ቀጥሎ ወላጆች ቁጥሩን እንይ አሉ። ቀጥሎ ትምህርት ቤቶች እንይ አሉ። ከዚያ በኋላ ማየት ያልፈለገ ማን እንደነበር መቁጠር ይቀላል። «ልጅ በፍየል ስለሳቀ ሌባ ይሆናል ማለት፣ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ነው» ያሉ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ነበሩ። ሰሚዎቻቸው ሳቁላቸው፤ በልኩ።

ፈተናው ሳይመጣ ስንዱ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት ጮክ ብላ የምታነብ ሴት ነበረች። ዶሮም፣ ፖሊስም፣ ባለሥልጣንም መሆን ትችልበታለች። የፍየል ድምፅ ስታወጣማ በመንገድ የሚያልፉ እውነተኛ ፍየሎች ይመልሱላት ነበር ይባላል፤ እሷም ወሬውን አታስተባብልም። በኋላ ጮክ ብሎ ማንበብ ቀረና ያው ጆሮዋ እንጀራዋ ሆነ። እውነተኛውን ሳቅ ከተጠናው፣ በር ተዘግቶም ቢሆን፣ ትለያለች። በአዳማ ይህን የሚችል ሌላ ሰው የለም።

እንግዲህ የዚህች ሴት ልጅ በማግሥቱ ጠዋት ልትፈተን ነው፤ ሳቋን ግን መያዝ አትችልም።

ምንትዋብ ስትስቅ ከትከሻዋ ነው የሚጀምራት። በመጀመሪያ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ከፍ ይላል፣ ቀጥሎ አንገቷ ይጠፋል፣ ከዚያ ሳቁ ይፈነዳና የሚያቆመው ነገር የለም። ስንዱ የሰው ልጅ ስታስጠና ኖራ የራሷን ማስጠናት አቃታት። ከአባትየው ጋር እንዳትማከር፣ እሱ ሩቅ አገር የነፋስ ማማ ጠጋኝ ስለሆነ ለበዓል ካልሆነ አይመጣም። ስልክ ሲደውልም «እንዴት ናችሁ» ብሎ «ደህና ነን» ከመባባል አያልፉም፤ ስልኩም ጆሮ አለው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሞከሩ።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለች ምንትዋብ። «ጎመኑን ስትበላ ቀብራሪት ደስ ብሏታል አይደል?»

«ስርቆት ነው።»

«ቀንዷ ሲሰካ ግን ያማታል።»

«ያማታል።»

«እና ሲያማት ለምንድን ነው የምንስቀው?»

ስንዱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤቱን ገጽ አየት አደረገች። የየቤቱ ገጽ ልጅ እስኪተኛ አይዘጋም። ጠርዙ ላይ ያለችው መብራት ነጭ ከሆነች ሰላም ነው። ቢጫ ከሆነች የቢሮው ሰው ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። መብራቷ ነጭ ነበረች።

«ነገ ተፈትነሽ ስትመለሺ እነግርሻለሁ» አለች። እንደማትነግራት ልጅቱም ታውቃለች።

በሩ ተንኳኳ። የገባችው የጎረቤታቸው የእትዬ ደብሪቱ ልጅ ውብአንቺ ነበረች፤ ወንፊት ይዛለች።

«እንደምን አመሻችሁ። እናቴ የተዋሰችውን ወንፊት ልካለች። እናመሰግናለን።»

ይህች ልጅ የዛሬ ሁለት ዓመት ዶሮ ቀሚስ አልብሳ የዕድር ስብሰባ መካከል የለቀቀች ልጅ ናት። የሁለቱ ቤት ግድግዳ ስስ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ከምንትዋብ ጋር በፍየል ቋንቋ ይጠራሩ ነበር። አንደኛዋ ከወዲህ «ምኤኤ» ስትል ሌላዋ ከወዲያ «ምኤኤ» ትላለች፤ እናቶቻቸው ተኙ ብለው እስኪጮኹ። ከዚያ ውብአንቺ ተፈተነች፣ ማቃኛ ቤት ሄደች፣ ተመለሰች። በተመለሰችበት ምሽት ምንትዋብ አፏን ግድግዳው ላይ አስጠግታ ጠራቻት። መልስ ሲጠፋ በሚቀጥለውም ምሽት ጠራቻት፤ ከዚያ ተወችው።

«ውቤ» አለች አሁን ምንትዋብ፣ «ዶሮዋ ትዝ ትልሻለች? ቀሚስ ያለበስሻት?»

«አዎ፣ ትዝ ትለኛለች» አለች ውብአንቺ። «እንስሳዋን አስጨንቄያታለሁ። ትክክል አልነበረም።» ከዚያ ጨዋታ እንደተነሣ ስለገባት ሳቀች፤ ሦስት ትንንሽ እኩል ሳቆች ሳቀችና ወንፊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እጅ ነሥታ ወጣች።

ስንዱ ያንን ሳቅ አዳመጠችው። ዕድሜ ልኳን ሳቅ ስታዳምጥ ኖራ እንዲህ ያለ ሰምታ አታውቅም፤ ውስጡ ማንም አልነበረም። ልጇን ስባ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችና፣ ገጹ እንዳይሰማ ጠጉሯ ውስጥ «አልሰጥም» አለች፤ «አንቺን አልሰጥም።» ምንትዋብ ግን ወንፊቱን ነበር የምታየው። ያን ምሽት እስክትተኛ ድረስ ጉንጯን ከውስጥ እየነከሰች፣ እናቷ ሳትላት፣ ብቻዋን ስትለማመድ አመሸች።

በማግሥቱ ዝንባሌ ቢሮ በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ነፋሱ አቧራውን እያዞረ ያመጣል፤ ወላጆች በነጠላና በኮት ልጆቻቸውን ይጋርዳሉ፣ ጎንበስ ብለውም «ጉንጭ፣ ጉንጭ እንዳትረሺ» «ጥርስ ሐኪሙን አስብ» ይላሉ። ግማሾቹ የስንዱ ተማሪዎች ነበሩ። ለእሷ በአንገታቸው ሰላምታ ይሰጧታል፤ ዓይናቸው ግን ምንትዋብ ላይ ነው። የአስጠኚዋ ልጅ ከወደቀች የእነሱ ምን ሊሆን ነው?

ያለፉ ልጆች በገቡበት በር ይወጣሉ። ያላለፉት በሌላ በር ነው፤ ያኛው በር ከመንገዱ አይታይም። ከስንዱ ፊት ሁለት መንታ ወንድማማቾች ገብተው አንዱ ብቻ ወጣ። እናቱ እጁን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ትለዋለች።

ፈታኙ አቶ ጌጡ የሚባሉ፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ ለስላሳ ሰው ነበሩ። ስንዱን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ተቀበሏት።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ስምዎን ነው የምሰማው። እንግዲህ ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከልጅቱ ጀርባ ይቀመጣሉ፣ እግርዎን መሬት ላይ ያደርጋሉ። ማሳልም፣ መንቀሳቀስም አይፈቀድም። ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ብቻ ነኝ የምስለው።» ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ነይ የኔ ልጅ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ምንትዋብ ገጹ ፊት ተቀመጠች። ከኋላዋ ስንዱ የምታየው ጉንጉኗን፣ አንገቷንና ሁለቱን ትከሻዎቿን ብቻ ነው። ልጅቱ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«ቀብራሪት ሠርግ ቤት ገባች። የጠራት ሰው አልነበረም። ፍየል ደግሞ እስክትጠራ አትጠብቅም። ዳሱ ውስጥ ጠረጴዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የክቡር ሊቀ መንበሩ ንግግር ነበር። ንግግሩ በጣም በጣም ረጅም ነበር። ቀብራሪት ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ትንሽ ጨው አነሰው።»

ትከሻዎቹ ከፍ አሉ። ስንዱ በልቧ ለመነቻት። ጉንጭ፣ የኔ እናት፣ ጉንጭ። ትከሻዎቹ እዚያው ከፍታ ላይ ትንሽ ቆዩና ቀስ ብለው ወረዱ።

«ሁለተኛውን ገጽ በላች። ሦስተኛውን በላች። ምስጋናውን ስትበላ አስነጠሳት። ክቡር ሊቀ መንበሩ ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወረቀቱን ፈለጉ። ወረቀቱ የለም። አፋቸውን ከፈቱ። በዚህ ጊዜ ከጠረጴዛው ሥር ቀብራሪት ምኤኤ አለች። ሠርገኛው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ አጭርና ግሩም ንግግር ሰምተው አያውቁም ነበር።»

ስንዱ ራሷን ሳቅ አነቃት። ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ ጉንጯን ነክሳ የደም ጣዕም አፏ ውስጥ እስኪመጣ ድረስ አልለቀቃትም። ከዚያ ሳቁ ወደ ንዴት ተለወጠ። ይህን የጻፈው ሰውም ይሁን ሌላ ነገር፣ ሳቅ የት እንደሚኖር አሳምሮ ያውቃል። አውቆ ነው ወጥመዱ ላይ እንዲህ ያለ ሙዳ ሥጋ ያስቀመጠው፤ የሰባት ዓመት ልጅ እንድትነክስለት።

ምንትዋብ ገጹን በጣቷ ገፋ አድርጋ አዞረች። ገጹ በሚዞርበት በዚያች ቅጽበት፣ አጭርና ጠንካራ ድምፅ ከደረቷ ወጣ።

«እሰይ!»

ቀጥላም አነበበች። «ቀብራሪት በጭብጨባው ኮራች። እጅ ልትነሣ ስትዘል ቀንዷ ከበሮው ውስጥ ተሰካ።» እዚህ ላይ እንደ ደንቡ ሳቀች። ጸጸቱ ላይ እንደ ደንቡ ፈገግ አለች፤ ጥርሷ አልታየም። አንብባ ስትጨርስ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

የገጹ መብራት ነጭም ቢጫም አልሆነም። እየጠፋ እየበራ ቆየ።

አቶ ጌጡ ጎንበስ ብለው አዩትና አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «እንግዲህ ይኼ ቃል አስቸገረን» አሉ። «ገጹ ሳቅን ይለያል፣ ለቅሶን ይለያል። እሰይን ግን አልለመደውም፤ ቃሉ ሁለት ነው። እናት ልጇን ስትድር እሰይ ትላለች። ሌባ ጉድጓድ ሲገባም እሰይ ትላለች። አሁን ልጅቱ ቃሉን የተናገረችው ገጹ በሚዞርበት ላይ ነው። የልጅ ዓይን ከአፉ ቀድሞ ይሮጣል፤ ከበሮውን አይታው ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።» ወደ ስንዱ ቀና አሉ። «እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ እንዴት ሰሙት?»

ስንዱ እንዴት እንደሰማችው ጠንቅቃ ታውቃለች። ያ እሰይ ለጭብጨባው ነበር፣ ለተበላው ንግግር ነበር፣ ከጠረጴዛ ሥር ለወጣው ምኤኤ ነበር። በሕይወቷ ከሰማቻቸው እሰዮች ሁሉ እንዲህ የጠራ አልሰማችም።

«ለቀንዱ ነው» አለች። «ይበላት ማለቷ ነው።»

«እኔ አምንዎታለሁ» አሉ አቶ ጌጡ፤ በእውነትም ያመኑ ይመስሉ ነበር። «የእናት ቃል ግን አይያዝም። የኔ ልጅ፣ ወደ ኋላ ሳትዞሪ መልሺልኝ። እሰይ ያልሽው ለማን ነው?»

ስንዱ የልጇን ትከሻዎች አየች። አልተንቀሳቀሱም።

«ለቀብራሪት» አለች ምንትዋብ።

ልጅቱ እውነቱን ተናግራ ነበር።

«ለቀብራሪት ምን ሆና?»

«የእጇን አግኝታ» አለች ምንትዋብ። ከዚያም ሳቀች፤ ሦስት ትንንሽ፣ እኩል ሳቆች።

መብራቱ ነጭ ሆነ። አቶ ጌጡ መሳቢያቸውን ከፍተው ወረቀትና ክብ ማኅተም አወጡ። መንግሥት ሁሉን ነገር ወደ አየር ቢሰቅልም፣ ማኅተም ግን ዛሬም ወረቀት ይወዳል። «ዝንባሌ፦ የተስተካከለ» ብለው ጻፉ፣ ማኅተሙን ተነፈሱበትና ወረቀቱ ላይ መቱት። «አደራ እንዳይጠፋ» አሉ። «ግልባጭ የለውም። ከጠፋ እንደ አዲስ መፈተን ነው።»

በገቡበት በር ወጡ።

መንገድ ላይ ስንዱ መዝለል አማራት። ልጇ ከእሷ ጋር ናት፤ እጇ እጇ ውስጥ ነው፤ አልሰጠቻትም። ብርቱካን ገዛችላት። ምንትዋብ «አመሰግናለሁ» ብላ ተቀበለች፣ ልጣጩንም መሬት ላይ ሳትጥል ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚህ ቀን በፊት ልጣጭ ማለት ለምንትዋብ ጥርስ አድርገው ሰው የሚያስፈራሩበት ዕቃ ነበር።

ነፋሱ በሚያፏጭበት ጥግ ላይ ስንዱ ጎንበስ አለች። «እዚህ ማንም አይሰማንም። ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። እሰይ ያልሽው ለምኤኤው ነው አይደል?»

«ለቀንዱ ነው፣ እማ» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ስንዱ አዳመጠች። በአዳማ ወደር ያልተገኘለት ጆሮዋን አሹላ አዳመጠች፤ ግን መለየት አልቻለችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ደብሪቱ ውብአንቺን አስከትላ፣ ትኩስ ዳቦ ይዛ እንኳን ደስ አላችሁ ልትል መጣች።

«እሰይ፣ እሰይ፣ እንኳን እግዜር አወጣሽ!» አለች ደብሪቱ ስንዱን እያቀፈች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗ ወደ ገጹ ሄደት እያለ፣ «የኔዋም እኮ ደህና ናት። ምን ጎደላት። ታዛለች፣ ታመሰግናለች። ብቻ…» አለችና ዳቦውን መቁረስ ጀመረች። ቁራሹ እጇ ላይ ተፈረፈረ።

ሁለቱ ልጆች አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ» አለች ውብአንቺ። «አመሰግናለሁ። ትምህርት ቤት ጥሩ ነው?» አለች ምንትዋብ። «በጣም ጥሩ ነው።» «ደስ ይላል።» አራት እጆች አራት ጉልበቶች ላይ ነበሩ። ስንዱ ሻይ ልትቀዳ ተነሥታ ከኋላቸው ስታያቸው፣ ጉንጉናቸው ባይለይ ኖሮ የትኛዋ የእሷ እንደሆነች አታውቅም ነበር። አንደኛዋን ማቃኛ ቤት ነው እንዲህ ያደረጋት። ሁለተኛዋን ያቃናት ግን ማቃኛ ቤት አይደለም፤ እናቷ ናት፣ በበረንዳዋ፣ በፈቃድ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ምንትዋብ ፍርፋሪውን ሳትታዘዝ ጠረገች። ስንዱ አዲሱን ወረቀት ልትሰቅል ሚስማር ይዛ ግድግዳው ዘንድ ቆመች፤ ከፈቃዷ አጠገብ፣ ከገጹ ሥር። መብራቷ ነጭ ናት። ከዚያ ሚስማሩን አስቀመጠች፣ የልጇን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ፈቃዷን ከግድግዳው አውርዳ ማዕዘኑን ነከሰች።

ወረቀቱ ደረቅ ነበር። አላመጠችው። ሁለተኛ ጊዜ ነከሰች።

ምንትዋብ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። እናቷን አየች፣ ገጹን አየች፣ ከዚያ የሚጠበቅባትን አደረገች፤ ሦስት ትንንሽ፣ እኩል ሳቆች ሳቀች።

ስንዱ ዓይኗ በእንባ ሞላ፤ ማላመጧን ግን አላቆመችም። «ሳቅ አስጠኚ» የሚለው መስመር ገባ። ስሟ ገባ። ልጇን ትክ ብላ እያየች፣ አፏ እንደሞላ፣

«ትንሽ ጨው አነሰው» አለች።

የምንትዋብ ትከሻዎች ተነሡ።

ልጅቱ ጉንጯን ነከሰች። ትከሻዎቹ አልወረዱም። አንገቷ ጠፋ። መጥረጊያውን ጣለችና እየሮጠች ጠረጴዛው ዘንድ መጣች፤ የራሷን ወረቀት፣ ግልባጭ የሌለውን፣ በሁለት እጇ አነሣች። ስንዱ ልትቀማት እጇን ዘረጋች። ያ ወረቀት መስከረም ነው፣ ትምህርት ቤት ነው፣ በገቡበት በር መውጣት ነው። እጇ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ። ምንትዋብ ክብ ማኅተሙን ከነሐምራዊ ቀለሙ ገመጠችው።

«ይመራል!» አለች።

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» አለች ስንዱ፣ «ማን ከማኅተሙ ጀምሪ አለሽ?» ቀጥላም ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋ ጀምሮ ከጉሮሮዋ ወጥቶ የማያውቀውን ድምፅ አወጣችው።

«ምኤኤኤ!»

«እሰይ!» ብላ ጮኸች ምንትዋብ፤ ሳቁም ፈነዳ፣ የቤቱን ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ ድረስ ፈነዳ፣ ሐምራዊ ምላሷ እየታየ መሬት ላይ ተንከባለለች። ስንዱ ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ግድግዳው ላይ ያለችው መብራት ቢጫ ሆነች። እናትና ልጅ ሁለቱም አዩዋት። ሳቁ ቆመ፤ ምንትዋብ ተነሥታ እናቷን ወገቧ ላይ አቅፋ ያዘች። ነፋሱም ለጊዜው ረገብ ብሎ ስለነበር ቤቱ ውስጥ አንዳች ድምፅ አልነበረም።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከስሱ ግድግዳ ወዲያ፣ አንድ ነገር ተሰማ።

«ምኤ» አለ።

ምንትዋብ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ስንዱ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ከወዲያ የደብሪቱ ድምፅ «ዝም በይ፣ በማርያም፣ ዝም በይ!» ሲል ተሰማ፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አይለይም። ከዚያ የልጅቱ ምኤ እንደገና መጣ። ዝቅ ያለና የሻከረ ነበር፤ የተጠና ግን አልነበረም።